የምድጃው ድርሻ

ከኤሊሚያ ደጋ፣ ከሃሊያክሞን ወንዝ ማዶ
እስክንድር በነገሠ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በዲዮስ ወር፣ ወይን ተለቅሞ ሲያበቃ

ለወንድሜ ለማካታስ፣ በንጉሡ እግረኛ ጦር ውስጥ፣ የትም ይሁን የት ይድረሰው።

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? እኔ እህትህ ፊላ ደህና ነኝ። ፍየሎቹም ደህና ናቸው። ጣራው በምዕራብ በኩል ካልሆነ በቀር አያፈስም። ሄራክሊስ ከፊትህ ይቅደም፣ ጀርባህን የአባታችን መንፈስ ይጠብቅልህ።

እናታችን አዴያ አርፋለች። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ላስጽፍ ብል ጸሐፊው «ሰላምታ ሳይቀድም መርዶ አይጻፍም» ብሎ ተቆጣኝ። እንግዲህ ሰላምታውን ሰጥቼሃለሁ። ወይን በሚለቀምበት ሳምንት፣ በማለዳ፣ በዚያች ሰው ሁሉ በሚስቅባት ግራ እጇ ወንፊቱን እንደያዘች ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ አንተ ይህ ሲደርስህ አልቅስ። አሥር ዓመት ሙሉ መንገድ መንገዱን ስታይ ነበር። የንጉሡም እናት እንደዚያው መንገድ ታያለች ይሉናል፤ ልዩነቱ እሷ ልጇ በላከላት የወርቅ ጽዋ እየጠጣች ነው የምታየው።

ሳጥኗን ከፈትኩ። የአባታችን ቀበቶ፣ ሁለት ቀሚስ፣ በሕፃንነትህ የወለቀ ጥርስህ፣ ደግሞም በጨርቅ ተጠቅልሎ ዙሪያውን የተሰፋ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ቁራሽ ዳቦ። ምስኪን፣ ሳታሳየን አርጅታ ዳቦ መደበቅ ጀምራ ነበር ማለት ነው። ለውሻው ጣልኩለት። ጥርሱ እስኪዝል ሲያኝክ ዋለ፤ ከቀብሩ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የአጎታችን ልጅ ኮራጎስ ከሽማግሌዎቹ ጎን መቀመጥ አብዝቷል። ቤቱ ወራሽ ካጣ ለእሱ ነው የሚሆነው። አርባ ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ያለ መረብ ከርከሮ ወግቶ ስለማያውቅ፣ ሌላው ወንድ በግብዣ ላይ ጋደም ብሎ ሲበላ እሱ እንደ ልጅ ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው። እንዲህ ያለ ሰው በአባቴ ምድጃ ላይ እሳት ሲያነድ ከማይ ዓይኔ ይጥፋ! ስለዚህ ና። ወይን እርሻ ያላት መበለት አግኝቼልሃለሁ፤ ጥርሷ ሙሉ ነው፣ አፏ ግን ጥቂት ነው የሚናገረው።

ቆስለው የተመለሱት አንዲት የሩቅ አገር ሴት ከጓዝህ ኋላ ትከተላለች ይላሉ። ዘመቻ ነው፣ አልጠይቅህም። ስትመጣ ግን ጓዙን እዚያው አራግፈህ ና።

እህትህ ፊላ


ከሱሳ ከተማ
በዚያው ዓመት፣ በአርቴሚስዮስ ወር

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ ፊላ።

እትዬ፣ ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም ልበልሽ። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ከህንድ ስንመለስ ካቋረጥነው በረሃ የወጣ ሰው ከዚህ በላይ አይመካም። አማልክት ደጃፍሽን ይጠብቁልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሠፈሩ ሁሉ አበባ ጉንጉን አድርጎ በሚጨፍርበት ሳምንት ነው። ጠጉሬን ተላጨሁና በዘፈኑ መካከል ተቀመጥኩ። አንዱ ሰካራም «ሙሽራ ሆነህ ለምን ተላጨህ?» አለኝ፤ መልሱን በቡጢ ሰጠሁት።

ዘፈኑ የሠርግ ነው። ንጉሡ የሞተውን የፋርስ ንጉሥ ልጅ አገባ፤ እህቷን ደግሞ ከነፍሱ ለሚወደው ጓደኛው ዳረለት፣ የሁለቱ ልጆች ዘመድ እንዲሆኑ። ይህን ስሰማ ልቤ ራራ፤ ሰው ወዳጁን በልጆቹ በኩል ሥጋ ዘመዱ ማድረግ ይመኛል። ለሹማምንቱም ሁሉ የፋርስ ሴት ሰጣቸው። ወንዶቹ በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ገቡ፣ መሳም ተሳሳሙ፣ አለቀ። ዳቦ የለ፣ ሰይፍ የለ! የአገራችን ሰው «ይህ ሠርግ ነው ወይስ የፈረስ ገበያ?» እያለ ያጉረመርማል።

እኛ ተራዎቹ፣ ከዚህ በፊት ከእስያ ሴት ጋር ጎጆ የወጣን፣ ስማችንን እንድናስመዘግብ ታዘዘ፤ ለየሠርጉም ስጦታ አለ ተባለ። ተሰልፌ አስጻፍኩ፦ ማካታስ፣ ሚስቱ ሁማያ፣ የባክትርያ ሰው፣ ልጃቸው አዴያ፣ የአራት ዓመት ልጅ። የብር ጽዋ ሰጡኝ።

አዎ እትዬ፣ ጓዝ ያልሻት ሚስቴ ናት። ልጄንም በእናታችን ስም ጠርቻታለሁ። በረሃውን ስልሳ ቀን በትከሻዬ ይዣት አለፍኩ። ጎርፍ መጥቶ የሠፈሩን ሴትና ሕፃን ጠርጎ በወሰደ ጊዜ ሁማያ በአንድ እጇ ልጅቱን፣ በአንድ እጇ የድንኳኑን ካስማ ይዛ ቆማ ነው ያገኘኋት። መበለትሽ ጥርሷ ሙሉ ይሁን፣ ለሌላ ትሁን።

ዳቦውንም ቆርጠናል። ንጉሡ የተራራውን አለቃ ልጅ በአገራችን ወግ አግብቶ በሰይፍ ዳቦ ከመቁረጡ አንድ ክረምት በፊት፣ እኔ በአባታችን ሰይፍ ቆርጫለሁ። ስጠጣ «ከእኔ ነው የተማረው» እላለሁ። ሦስት ቦታ ነው የቆረጥኩት፤ አንዱን እኔ፣ አንዱን እሷ በላን፤ ሦስተኛውን፣ ለአባት ቤት የሚላከውን የምድጃውን ድርሻ፣ ሁማያ በጨርቅ ሰፋችውና እግሩን ያጣው የጦር ጓደኛዬ ሊምኖስ ይዞት ወደ አገር ገባ። እሱ ሳይሞት «ለእናትህ በእጇ ሰጥቻለሁ፣ ሳመችው፣ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው» ብሎ ልኮልኛል።

እትዬ፣ ለውሻ የጣልሽው የሠርጌን ዳቦ ነው። ባለማወቅሽ ነውና አልተቀየምኩሽም። ግን አሁን አውቀሻል።

ወንድምሽ ማካታስ


ከኤሊሚያ
በዚያው ዓመት፣ በፓኔሞስ ወር

ለማካታስ።

ጤና ይስጥህ። እኔ ደህና ነኝ።

ይቺን ሰላምታ ብቻ ነው ያወጣልኝ አፌ። ጸሐፊው ጨምሪ ቢለኝ እንቢ አልኩ።

አራት ዓመት! እናቴ አራት ዓመት ያን ቁራሽ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣ፣ ጠዋት ማታ አብራኝ ምስር እየለቀመች፣ አንድ ቀን አልነገረችኝም። አንተ ከዓለም ጫፍ ስትልክ ለእሷ እንጂ ለእኔ አልላክህም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምላሴን ፈርታችሁ ነው። ምላሴ ስለት ከሆነ ይህን ቤት አሥር ዓመት ከኮራጎስ የጠበቀው ይኸው ስለት ነው! ባሌ ሞቶ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ ማን ተቀበለኝ? ይህ ምድጃ። ከወገቤ ያለው ቁልፍ ብቻ ነው የእኔ የምለው።

አሁን የወጉን ሕግ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። የምድጃ ድርሻን ለውሻ የጣለች ሴት ቁልፏን ለሙሽራዋ ታስረክባለች፤ በቤቱም ውስጥ እንደ እንግዳ ትቀመጣለች። ለዚያች ጉልበቷን በሱሪ ሸፍና ለምትሄድ ሴት ቁልፌን እንድሰጥ ነው የምትፈልገው? ንጉሡስ የፋርስን ሰው ለማስደሰት የፋርስ ልብስ ይልበስ፣ ማንም አይናገረውም። እኔ ግን ፊላ ነኝ።

ስለዚህ ስማኝ። ዳቦ አልነበረም። ሳጥኑ ውስጥ ቀበቶና ቀሚስ ነው ያገኘሁት። ጸሐፊውን በእናቱ አስምዬዋለሁ፣ ውሻው ደግሞ አፍ የለውም። ዝም አይነቅዝም። ና፣ ብቻህን ና፣ መበለቷ እየጠበቀች ነው።

ፊላ

ይህን ካስጻፍኩ ሁለት ቀን ሆነኝ፤ ነጋዴው እስኪነሣ ብዬ አስቀምጬው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ልጅቱ በየትኛው እጇ ነው የምትበላው?


ከኦፒስ፣ ከጤግሮስ ወንዝ ዳር
በዚያው ዓመት፣ በጎርፒያዮስ ወር

ለእትዬ ፊላ።

እትዬ፣ እንደምን ነሽ? ለሱሳው ደብዳቤ ያንቺ መልስ ገና አልደረሰኝም፤ መንገድ ላይ እንዳለ አስባለሁ። ይህንን ግን ሳልጠብቅ እጽፋለሁ፣ ጊዜ የለኝምና። ዘውስ ቤትሽን ይባርክ።

ንጉሡ ያረጀነውንና የቆሰልነውን ሰብስቦ «አገራችሁ ግቡ» አለን። ደስ ይላቸዋል ብሎ ነው። እኛ ግን እንዳለቀ ጫማ የተጣልን መሰለን፤ በየቦታችን የፋርስ ልጆች ረጅም ጦር ይዘው ተሰልፈው እያየን! ያኔ ጩኸት ተነሣ። «ሁላችንንም አሰናብትና አባቴ ከምትለው አምላክ ጋር ዝመት!» ተባለ። እኔም ጮኼያለሁ፤ አልክድም፣ አልጸጸትም። አሥራ ሦስት ሰው ከመካከላችን ተለቅሞ ለሞት ተወሰደ። አንዱ በግራ ጎኔ የቆመ ነበር፣ ክንዱ ክንዴን ይነካ ነበር።

ከዚያ ሦስት ቀን ተኳረፍን፣ አለቀስን፣ ታረቅን፣ ከአንድ ገንቦ ጠጣን። የመቄዶን ሰው ንጉሡን ሰድቦ አብሮት ይጠጣል፤ ያደግንበት ነው። የሞቱት ግን አልጠጡም።

ጽዋው ገና ሳይደርቅ ትእዛዝ ወጣ። ወደ አገር የምንገባው ከእስያ ሴት የወለድናቸውን ልጆች እዚህ ትተን እንድንሄድ። ንጉሡ እንደ መቄዶን ልጆች ያሳድጋቸዋል፤ ሲደርሱ ራሱ ያመጣልናል፤ አሁን ብንወስዳቸው ከአገር ቤት ሚስቶቻችን ጋር ጠብ ይሆናል አሉን። እናቶቹ ከፈለጉ ይከተሉ፣ ልጆቹ ይቅሩ። ማን እንዳለው ማን እንደሌለው መፈለግ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ የሱሳው መዝገብ አለ። እኔው በእጄ አስጽፌያታለሁ! የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ የሚሉት እኔን ነው። ያን የብር ጽዋ ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት።

መዝገቡን የያዘውን ጸሐፊ ሄጄ ያዝኩት። «አልተዋትም» አልኩት።

«የማን ቤት ልጅ ናት?» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«የእኔ።»

«አንተ ወታደር ነህ፣ ድንኳን ነው ያለህ። የአባትህ ምድጃ ተቀብሏታል ወይ ነው የምልህ። ምድጃ የተቀበላት ከሆነች የቤቱ ናት፣ ከመዝገቡ ትወጣለች። ምድጃ ያልተቀበላት የንጉሡ ናት።»

«ተቀብሏታል!»

«እንግዲያው የሽማግሌዎቹን ቃል በማኅተም አምጣ። ኪልቅያ ስንደርስ፣ ከተራራው በር ሳናልፍ፣ ስም በስም እጠራለሁ።»

እትዬ፣ ነገሩ ይህ ነው። ከሠልፉ ጋር ወደ ኪልቅያ እየተጓዝን ነው፤ አዛዣችን ታሞ ስለሆነ የምንሄደው ቀስ ብለን ነው፣ ክረምቱን እዚያ እናሳልፋለን። ሌሎቹ ልጆቻቸውን በበቅሎ ጭነት መካከል ይደብቃሉ። እኔ አልደበቅኳትም፤ ጸሐፊው ፊት በትከሻዬ ላይ አስቀምጫት ነው የወጣሁት። ወንዙን ስንሻገር «አባባ፣ ሰውዬው ለምን ያየናል?» ትለኛለች። «ቁመትሽ ገርሞት ነው» እላታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ፊት ቁሚልኝ። እናታችን ድርሻውን መቀበሏን ተናገሪልኝ። ስለ ቁልፉ አውቃለሁ። ብዙ እየጠየቅኩሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

ወንድምሽ


ከኪልቅያ
ንጉሡ በነገሠ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ በአውድናዮስ ወር

ለፊላ።

ጤና ይስጥሽ። የፓኔሞሱ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ዳቦ አልነበረም የምትዪው።

ሲነበብልኝ ሁማያ አጠገቤ ነበረች። ቋንቋችንን በአፍ እንጂ እንዲህ በፍጥነት ሲነበብ አትሰማውም። «ምን አለች?» አለችኝ። «ሰላም ብላለች» አልኳት። ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ለሰላም ብዙ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም።

አንድ ወሬ ደርሶናል። ከነፍሱ የሚወደው የንጉሡ ጓደኛ በትኩሳት ሞተ። ንጉሡ የፈረስና የበቅሎ ጋማ ሁሉ ይቆረጥ፣ ሙዚቃ ይቁም ብሏል፤ አስከሬኑን ተጠምጥሞበት በግድ ነው ያላቀቁት ይላሉ። እኛም እዚህ የጓዝ በቅሎዎቻችንን ጋማ ቆረጥን። እኔ ስቆርጥ አልቅሼለታለሁ፣ እውነቴን ነው፤ በልጅነታቸው ሲሯሯጡ አይቻቸዋለሁ። ግን እያለቀስኩ ነደድኩ። እሱ የወደደውን ሲቀብር በቅሎ እንኳ ሐዘን ይቀመጥ ይለናል፤ እኔን ደግሞ የወደድኳትን በሕይወቷ ቅበር ይለኛል። እንዲህ መውደድ ለሚችል ሰው ይህ እንዴት ይጠፋዋል?

ስም የሚጠራው በረዶው ሲቀልጥ ነው። የሽማግሌዎች ቃል ካልመጣ እዚሁ እቀራለሁ። የሰው ማሳ አርሳለሁ፣ የሰው በግ እሸልታለሁ፣ ልጄን ግን አልሰጥም። አገሬንም፣ የእናቴንም መቃብር፣ አንቺንም ሳላይ እቀራለሁ። ኮራጎስ እሳቱን ያንድድ። ያንቺ ቁልፍ ይኑርሽ፤ ለእሱ በር ክፈቺበት።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፦ በግራ እጇ ነው።

ማካታስ


ከኤሊሚያ
በዚያው ዓመት፣ በዲስትሮስ ወር

ለምወድህ ወንድሜ ለማካታስ፣ ለሚስቱ ለሁማያ፣ ለእናቴ ስም ወራሽ ለአዴያ።

እንደምን ናችሁ ሦስታችሁም? በረዶ እንዳይነካችሁ፣ ድንጋይ እንዳያደናቅፋችሁ፣ ክፉ ዓይን እንዳያያችሁ። የጠጉራችሁ ቁጥር ያህል ሰላም እላችኋለሁ። ጸሐፊው ዛሬ «በቃሽ፣ ሰላምታው ወረቀቱን ጨረሰው» ይለኛል። ባለፈው የቀረውን ሰላምታ ጭምር ነው፣ ጻፍ።

የኦፒሱ ደብዳቤህ በበረዶ ተይዞ ከረመና ከኪልቅያው ጋር ባንድ ቀን ደረሰኝ። የኋለኛውን መጀመሪያ አስነበብኩት። በግራ እጇ የሚለው ጋ ሲደርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ጸሐፊው «ሌላው ይቀራል እኮ!» እያለ ይጮኻል። ለእኔ አልቋል።

ዝም አይነቅዝም ብዬህ ነበር። ውሸት ነው፣ ነቀዘብኝ። ከበጋ ጀምሮ ምድጃው አጠገብ ስቀመጥ ቁልፉ ወገቤን ይቆረቁረኝ ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ሲቀመጡ ሄድኩና መካከል ቆምኩ። «ወንድሜ ሚስት አግብቷል፣ በአባቴ ሰይፍ ዳቦ ቆርጧል፣ የምድጃው ድርሻ ቤታችን ገብቷል» አልኩ።

ኮራጎስ ሳቀ። «የታለ ዳቦው? አሳዪና!»

«እናቴ ተቀብላ አራት ዓመት በሳጥኗ አስቀምጣዋለች።»

«አሁን የታለ ነው የምልሽ፣ ፊላ።»

«ለውሻ ጣልኩት።»

ኮራጎስ ብድግ አለ። የምናገረው አልመሰለውም ነበር፤ ኩራቴን ያውቀዋልና በኩራቴ ነበር የተማመነው። «ሰማችኋት? በገዛ አፏ! የምድጃ ድርሻ የጣለች ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ! ደግሞስ የንጉሥ ትእዛዝ አለ፣ የእነዚያ ልጆች እዚያው ይቅሩ ተብሏል። ንጉሥን ልንቃወም ነው?»

«አንተ ከርከሮ ተቃውመህ የማታውቅ፣ ንጉሥ ተቃወም ማን አለህ? ቁጭ በል፣ የለመድከው ነው!» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ።

ከዚያ የሁሉ ታላቅ የሆኑት አባት፣ ጆሯቸው የማይሰማው፣ እጃቸውን አነሡ። «ውሻው የማን ነው?» አሉ።

«የቤቱ ነው» አልኳቸው።

«ምን አለች?»

«የቤቱ ነው!» ብሎ ሰው ሁሉ ጮኸላቸው።

«እንግዲያው ድርሻው ከቤቱ አልወጣም። አዴያ በሕይወቷ ተቀብላዋለች፣ ሳጥን ውስጥ አስገብታዋለች፣ በቃ። ልጅቱ የምድጃው ናት። አንቺ ግን ጥለሻልና ወጉን ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ቁልፉን ከወገቤ ፈታሁ። ቤት ይዤያቸው ሄድኩና እነሱ እያዩ የምድጃው ድንጋይ ላይ አኖርኩት። እዚያው ነው፣ አልነካውም፣ ሁማያን ይጠብቃል። የእህሉ ጎተራ ስለተቆለፈ ከጎረቤት እየተበደርኩ ነው የምበላውና ቶሎ ኑ።

ማኅተሙ ከታች አለ። አሁን ደግሞ የሚከተለውን ለሌላ ሰው ነው የማስጽፈው።

አንተ ይህን ደብዳቤ የምታነብ፣ መዝገብ የያዝክ የንጉሥ ጸሐፊ! ስምህን አላውቅም፣ እናትህ ታውቀዋለች። እኔ የሳባታራስ ልጅ ፊላ ነኝ። ንጉሥህ የተራራውን አለቃ ልጅ ሲያገባ በሰይፍ የቆረጠው ዳቦ ከእኛ ከድሆቹ ቤት የወጣ ወግ ነው። ያ ዳቦ የእሱን ሴት ንግሥት ካደረጋት፣ የእኛም ዳቦ የወንድሜን ሴት ሚስት ያደርጋታል። የእኛ ዳቦ ውሸት ነው ካልክ ንጉሥህም ሚስት የለውም፤ ወንድ ከሆንክ ባቢሎን ሄደህ ይህንኑ ንገረው። ልጆቹን እኔ አሳድጋለሁ ማለቱን ሰምቻለሁ፤ መልካም ልብ ይሆናል። ነገር ግን እናቱ አሥር ዓመት መንገድ ስታይለት ኖራ አንድ ቀን ያልመጣላት ሰው፣ የእኔን ልጅ አመጣለሁ ቢለኝ አላምነውም። የእኔ ናት። ስሟን ሰርዝ!

ማካታስ፣ ስለ ውሻው አትስጋ። እንግዳ አይወድም፣ ኮራጎስን ሁለት ጊዜ ነክሶታል። በእናንተ ላይ ግን አይጮኽም። የሠርጋችሁን ዳቦ ከቤተሰቡ የበላ እሱ ብቻ ነው።

እህታችሁ ፊላ


ከኪልቅያ፣ ከተራራው በር ማዶ
በዚያው ዓመት፣ ዳይስዮስ ወር ሲገባ

ለእትዬ ፊላ፣ ለእታለሜ።

ሦስታችንም ደህና ነን፣ የአንቺ ደህንነት እንጂ። አጭር ነው የምጽፈው፣ ጓዝ ተጭኗል።

ጸሐፊው ደብዳቤሽን በሠልፉ ፊት አነበበው። ስለ ውሻው ሲደርስ ሰው ሁሉ ሳቀ። ለእሱ ያስጻፍሽው ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ከኋላ ያሉት «ጮክ በል! አልሰማንም! ከመጀመሪያው!» አሉት። ከመጀመሪያው አነበበ። ስሟን ሰርዝ ሲል ሦስት መቶ ሰው ጋሻውን በጦር ዘንግ ደበደበ፤ ልጅቱ ጆሮዋን ያዘች። ሰውዬው ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ብዕሩን ነከረና ሰረዘ። ከኋላዬ ያለው ወዲያው «የእኔም ቤት ውሻ አለው!» ብሎ ልጁን አንሥቶ ቆመ። ከእሱ ኋላ ሌላው ቆመ።

ለሁማያ ሁለቱንም ደብዳቤ፣ ክፉውንም ደጉንም፣ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። «እህትህ ቁልፉን ወገቧ ላይ ትመልሰው። እኔ ከባክትርያ ድረስ በእግሬ የመጣሁት በር ለመቆለፍ አይደለም» አለችኝ። ጎተራውን ክፈቺና ብዪ፣ ከስተሽ እንዳናገኝሽ።

ትንሿ አዴያ ከትናንት ጀምሮ የውሻው ስም ማን ነው እያለች እረፍት ነሥታኛለች። አላውቀውም፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ የተወለደ ነው። ጽፈሽ እንድትነግሪኝ ልጠይቅሽ ብዬ ነበር። ተወው፣ መልስሽ መንገድ ላይ ያልፈናል። ራሷ መጥታ ትጠይቅሻለች።

ወንድምሽ ማካታስ